ደካማ ይቅደም

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሁሉ ለምለም ሣር በለበሰበት ወራት፣ የመስክ እንስሳት ሆዳቸው እስኪነፋ እየበሉ ይከሱ ጀመር። ሣሩ ውሃ ውሃ ይላል፤ ጨው የለውም። በሬው ቦራ የዛፍ ግንድ ይልሳል። ወጠጤው ፍየል የአፈር ጓል ይቆረጥማል። ከሁሉ የባሰባት በጊት ነበረች። በክረምቱ መጨረሻ የወለደቻቸው መንታ ግልገሎች ጡቷን እየሳቡ ይጮኻሉ፤ ወተቷ ግን እየነጠፈ ነው።

መድኃኒቱን ሁሉም ያውቁታል። ከተራራው ማዶ ሆራ አለ፤ ከመሬት እየፈላ የሚወጣ ጨዋማ ውሃ ነው። ከዚያ የጠጣች እናት ወተቷ ይመለስላታል። ችግሩ መንገዱ ነበር። እነዚህ እንስሳት በሜዳ ተወልደው በሜዳ ያደጉ ናቸው። ከጉብታ በላይ ወጥተው አያውቁም።

ተራራውን የሚያውቀው ዳለቻ የሚባለው አህያ ብቻ ነው። ዕድሜው ገና ቢሆንም ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር አሞሌ ጨው ጭኖ ያንን ዳገት ብዙ ጊዜ ተመላልሶበታል። ነገር ግን ካለፈው በጋ ወዲህ ዳለቻ ከመስኩ ዳር ካለችው ሾላ ርቆ አይሄድም። ብቻውን ይግጣል፤ ብቻውን ይቆማል።

ቦራ፣ ወጠጤውና በጊት ተያይዘው ወደ ሾላዋ ሄዱ።

«አያ ዳለቻ፣ እንደምን አደርክ?» አለ ቦራ።

«ተመስገን።»

«ወደ ሆራው ምራን ብለን ነው የመጣነው።»

«አልመራም።»

«ምነው?»

«ጀማሪ ይዞ ተራራ መውጣት ብቻን እንደመውጣት አይደለም። አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ ይቀራል። የቀረውን ጅብ ይበላዋል። የበላው ጅብ ነው፤ የሚጠየቀው ግን መሪው ነው።»

ወጠጤው ጢሙን ነቀነቀ። «እኔ እቀራለሁ ብለህ ነው? ፍየል እኮ ነኝ! ገደል ላይ ነው የተወለድኩት!»

«የውሃ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው የተወለድከው» አለው ቦራ። «እናትህ ምጥ ሲይዛት አጠገቧ ነበርኩ። ልትወድቅ ስትል በቀንዴ የመለስኩህ እኔ ነኝ።»

በጊት አልሳቀችም። «አያ ዳለቻ፣ ልጆቼ ሲያለቅሱ ነው ያደሩት» አለች።

ዳለቻ ጆሮውን ወደ ግልገሎቹ ጩኸት አዞረ። በኋላም «ግልገሎችሽን እዚህ ለምትቀረው ላም አደራ ስጫቸው» አላት። «ነገ ጎህ ሲቀድ እንነሣለን። ግን የሲራራ ሕግ አለ። ሕጉን የማይቀበል ከአሁኑ ይቅር።»

«ምን የሚሉት ሕግ ነው?» አለ ወጠጤው።

«ደካማ ይቅደም። ከሁሉ የሚዘገየው ከፊት ይሄዳል፤ ሌሎቻችን በእሱ እርምጃ እንሄዳለን። ብርቱው ከኋላ ይዘጋል።»

«ይሄማ ጅራት ራስን ይምራ ማለት ነው!»

«ራስ ሲመራ ጅራት ተቆርጦ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ» አለ ዳለቻ። «ደግሞም እየወጣን እናወራለን። ወሬ ያቃተው ፈጥኗል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ እንቆማለን። የደከመውም ደከመኝ ይበል። ደከመኝ ያለ አይሰደብም።»

«ታዲያ ከፊት የሚሄደው ማን ነው?» አለ ወጠጤው።

ሁሉም በጊትን አዩ። በጊት አንገቷን ደፋች።

ከሾላዋ ጀርባ ከነበረው ቁጥቋጦ ሥር እመት ቀበሮ ተኝታ ይህን ሁሉ ሰምታ ነበር። ሲበተኑ ጠብቃ ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ሮጠች። እዚያ የተባባሉት ኋላ በአገሩ ሁሉ ተሰምቷል።

«አያ ጅቦ፣ ነገ ሥጋ በእግሩ ወደ ተራራ ይወጣል።»

«የት አለ? የት አለ?» ጅቡ ለሐጩ ተዝረበረበ።

«ነገ አልኩህ እኮ።»

«ነገ መቼ ነው?»

«ዛሬ ተኝተህ ስትነሣ! ስማኝ እንጂ። አህያው ንቁ ነው፤ ማንንም ወደ ኋላ አያስቀርም። አብረው ሳሉ ብትጠጋ በሬው አንጀትህን ያወጣዋል። እኔ መሐላቸው ገብቼ በጊቱን አስቀርልሃለሁ። አንተ ከታች ከታች ተከተል። ብቻዋን ቀርታ ደክሞኛል ያለችው ያንተ ናት። ግማሿ የእኔ።»

«ደክሟት እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?»

«ጠይቃታ!» አለች ቀበሮ ተናድዳ።

አያ ጅቦ ነገሩ እንዳይጠፋው ሌሊቱን ሲደጋግመው አደረ። «ደክሞኛል ያለችውን። ደክሞኛል ያለችውን።» ሲነጋ ሌላውን ሁሉ ረስቶ ይህችን ብቻ ይዞ ወጣ።

*

ጎህ ሲቀድ ከተራራው ግርጌ ተገናኙ። ቀበሮም ጅራቷን እያወዛወዘች ከተፍ አለች።

«እንደምን አደራችሁ፣ ወገኖቼ። እኔም አብሬ ልውጣ።»

ዳለቻ ትክ ብሎ አያት። «ቀበሮ ሆራ ስትጠጣ አይቼ አላውቅም።»

«ጨው ጎድሎኝ ጠጉሬ እየረገፈ ነው፣ አያ ዳለቻ። እኔም እንደነሱ ጀማሪ ነኝ። ጀማሪ ይባረራል እንዴ?»

ዳለቻ አመነታ። መንገዱ የእሱ አይደለም፤ ከመንገድ የሚከለክላትም ነገር አልያዘባትም። «ሕጉን ትቀበያለሽ?» አላት።

«በደስታ!»

በጊት ከፊት ሆነች። ዳለቻ ከትከሻዋ ጎን ሆነ። ቀጥሎ ቀበሮ፣ ቀጥሎ ወጠጤው፤ ቦራ መጨረሻውን ዘጋ።

በጊት ዳገቱን ፊት ለፊት ስትጀምረው ዳለቻ በአፍንጫው ወደ ጎን ገፋ አደረጋት። «እንዲህ አይደለም። ዳገት ፊት ለፊት አይገጥሙትም፤ ዞር ዞር ብለው ነው የሚያታልሉት። ወደዚያ ቋጥኝ ሂጂ፤ ከዚያ ወደዚህ ወይራ። ኮቴሽን ሙሉውን አሳርፊ። ቁልቁል አትይ።»

«ሽቅብስ?»

«ሽቅብም አትይ። የፊትሽን ድንጋይ ብቻ እይ።»

እንዲህ እያሉ ወጡ። ገና ማንም ሳይደክመው ዳለቻ ከወይራ ጥላ ሥር አስቆማቸው።

«ኧረ ምን አደከመን?» አለ ወጠጤው። «ገና አሁን ተነሣን እኮ!»

«ሳይደክሙ ያረፉት ዕረፍት ነው የሚጠቅመው። ከደከሙ በኋላማ መውደቅ ነው።»

ከወይራው አጠገብ ካለች ምንጭ ጥቂት ጥቂት ጠጡና ተነሡ። ወጠጤው ማጉረምረሙን አላቆመም። «በዚህ አካሄድ እኛ ስንደርስ ሆራው ይደርቃል። ያውና፣ ጉንዳኖች አለፉን!»

«ሰላም አሉህ?» አለ ቦራ ከኋላ።

«ኮርተው አለፉኝ።»

በጊት ሳቀች። ትንፋሿ አልተቆራረጠም። እርምጃዋ አጭር ነበር፤ ቢሆንም አይቋረጥም። መስኩ ከታች እያነሰ ሄደ።

«አያ ዳለቻ፣ አህያ ስትባሉ ቶሎ ቶሎ ነው የምትሄዱት» አለች በጊት። «እንዲህ በዝግታ መሄድን ማን አስተማረህ?»

ዳለቻ እርምጃውን ከእርምጃዋ ጋር አስተካከለ።

«ውርንጭላ ነበረኝ» አለ። «እግሩ አጭር ነበር። አብሬው ስሄድ ለመድኩት።»

«አሁን የት ነው?»

ቦራ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። በጊት አዲስ መጤ ናት፤ ወደ መስኩ ከመጣች ገና አንድ ክረምት ነው።

«በበጋው ሳል ያዘው» አለ ዳለቻ። «ከሾላዋ ሥር ነው።»

ከዚያ ወሬው ቆመ፤ ማንም ግን አልደከመም። የኮቴ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ዳለቻ ራሱ «ወሬ ቆመ» አለ። «አውሩ።» ወጠጤው ባልተለመደ ጭምትነት ስለ አክስቱ ጎመን ስርቆት ማውራት ጀመረ። አክስቱ በጎመኑ ባለቤት ስትያዝ «የመጣሁት ልኮተኩትልህ ነው» እንዳለች ሲናገር ዳለቻ ሳይቀር በአፍንጫው ተነፈሰ።

ወይራው አልቆ አስታ የሚባለው የውርጭ ቁጥቋጦ ሲጀምር ብርዱ መጣ። ከፊታቸው ዝናብ አፈሩን ያንሸራተተበት የገደል ዳር መሻገሪያ ነበረ። ዳለቻ «እዚህ ዕረፉ፤ መሻገሪያውን አይቼ መጣሁ» ብሎ ብቻውን ወጣ።

ቀበሮ የጠበቀችው ይህን ነበር። መጀመሪያ ወደ ወጠጤው ተጠጋች።

«አንተ ከፊት ብትሆን ኖሮ እስካሁን ሆራውን ጠጥተን ተኝተን ነበር።»

«እኔስ ምን አልኩ!» አለ ወጠጤው፤ ደረቱ ተነፋ።

ቀጥላ ወደ በጊት ሄደች። በዚያ የተባለውን በጊት ራሷ ናት ኋላ የተናገረችው።

«ጎበዝ ነሽ፣ እመት በጊት። የሚሉትን አትስሚያቸው።»

«ምን ይላሉ?»

«ኧረ ተይው። እኔ ነገር አመላላሽ አይደለሁም።»

«እባክሽ ንገሪኝ።»

«ካልሽማ... ወጠጤው በእሷ ምክንያት ዝናብ ሊያገኘን ነው ይላል። ቦራ ዝም ብሎ ሰማው። የትልቅ ሰው ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አያ ዳለቻም ቢሆን ኀዘንተኛ ነው፤ ስላዘነልሽ ነው እንጂ እንደ ሸክም ነው የሆንሽበት።»

የበጊት ጆሮ ጋለ። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ከኋላ ብትሆኚ ማንንም አታስቸግሪም። ቀስ ብለሽ ትደርሻለሽ።»

ጉም ከላይ ወረደ። መጀመሪያ የተራራውን ጫፍ፣ ቀጥሎ አስታውን፣ በመጨረሻም የገዛ ኮቴያቸውን ዋጠው። ዳለቻ ከመሻገሪያው ሲመለስ ወጠጤው «መንገዱ ታይቶኛል! ተከተሉኝ!» እያለ በጎኑ ተወርውሮ አለፈ።

«አንተ! በዚያ በኩል ገደል ነው!» ዳለቻ ዞሮ ተከተለው። ሲደርስበት ወጠጤው በአንድ እግሩ አየር ረግጦ ነበር። ዳለቻ ጅራቱን ነክሶ ጎተተው።

«ጅራቴን!» አለ ወጠጤው።

«ጅራትህ ይሻላል አንገትህ?»

ይዞት ተመለሰና በጉሙ ውስጥ ጮኸ። «ሁላችሁም አላችሁ?»

«አለን!» አለች ቀበሮ ፈጥና። «በጊት ከቦራ ጋር ቦታ ተለዋውጣለች፤ ነፋሱ ከብዷት ነው። እንሂድ፣ እንሂድ!»

መሻገሪያውን አለፉ። ዳለቻ በዓይኑ ማየት ስላልቻለ በጆሮው ነበር የሚመራው። ወጠጤው ስለ ጅራቱ ያጉረመርማል። ቦራ ያቃስታል። ቀበሮ ትስቃለች። ከፊታቸው ነፋስ የጨው ሽታ አመጣ፤ ወደ ማዶ የሚያሳልፈው የተራራው በር ቀርቧል። ዳለቻ ግን ቆመ።

«በጊት?»

መልስ የለም።

«ደክሟት ነው፣ አትነዝንዛት» አለች ቀበሮ።

«ቦራ፣ በጊት ከኋላህ አለች?»

ቦራ ዞሮ አየ። ጉም ብቻ ነበር። «ከመሻገሪያው በታች ቆም አለች» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «ደከመሽ ወይ አልኳት። ኧረ ምንም፣ ኮቴዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነው፤ ሂድ፣ እደርስብሃለሁ አለችኝ። እኔም አመንኳት።»

በጊት በይሉኝታ መቅረቷ ለዳለቻ ያን ጊዜ ገባው። ልጆቿን በአደራ ያስቀመጠች እናት በዚያ ጉም ውስጥ ብቻዋን ናት።

«ስሙኝ» አለች ቀበሮ። «በሩ እኮ ደርሰናል፤ ሽታው ይኸው። ጠጥተን ስንመለስ እንይዛታለን። ለአንዲት በግ ስንት ነፍስ ይጉላላል?»

«የወጣነውን ሁሉ ልንወርደው ነው?» አለ ወጠጤው።

«እንወርደዋለን።»

«ሁላችንም?»

«ሁላችንም። ያጎደለን መለያየታችን ነው።»

ወጠጤው ወደ ጨው ሽታው አንድ ጊዜ አሸተተ። ከዚያ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዞረ። ቀበሮ «እኔ እዚሁ ሆኜ ቦታ እይዝላችኋለሁ» ብላ ቀረች።

*

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል። ድንጋዩ ረጥቧል። እየተነካኩ፣ አንዱ የአንዱን ጅራት እያሸተተ ወረዱ። መሻገሪያውን እንዳለፉ ዳለቻ ጆሮውን አቆመ። ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሁለት ድምፅ ይሰማል።

«ደህና ዋልሽ፣ እመት በጊት?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«መንገደኛ ነኝ። ደክሞሽ ይሆን?»

«ኧረ ምንም! ጠጠር ነው።»

«ጠጠር?» ድምፁ ግራ ተጋባ። «ደክሞኛል አላልሽም?»

«አላልኩም።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ።»

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ደክሞኛል እስክትይ።»

የጅብ ጠረን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ከዚህ በኋላ የበጊት ድምፅ አልተሰማም፤ ጠረኑ ለእሷም ደርሷት ነበር።

«የት ናት?» አለ ቦራ በሹክሹክታ። «በየትኛው በኩል ልግባ?»

ዳለቻ አላወቀም። በጉም ውስጥ ድምፅ ከየትም የመጣ ይመስላል፤ በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ ገደል ነው። ያለችበትን ካልነገረቻቸው አያገኟትም። «በጊት!» ብሎ ጮኸ። «የት ነሽ?»

በጊት በቀጭኑ መለሰች። «ሂዱ፣ አያ ዳለቻ። በእኔ ምክንያት ዝናብ እንዳያገኛችሁ። ደህና ነኝ።»

ጅብ አጠገቧ ቆሞ ደህና ነኝ አለች። ዳለቻ ሊቆጣት አፉን ከፈተ። ቁጣው ግን አልወጣም። እሱም ከበጋ ጀምሮ ለጠየቀው ሁሉ ሲመልስ የኖረው ይህንኑ ነው። ልጁን ቀብሮ፣ ሌሊት ቆሞ እያደረ፣ ጠዋት ተመስገን ሲል ነበር።

«በጊት!» አለ። «እኔ ደክሞኛል!»

ድምፁ እንደ አህያ ድምፅ ሁሉ ተራራውን ሞላው። ቦራና ወጠጤው ክው አሉ።

«ደክሞኛል!» አለ ዳለቻ እንደገና። «ከተነሣን ጀምሮ አይደለም። ከበጋ ጀምሮ ነው። ቆሜ ነው የማድረው!»

ወጠጤው ወደ ዳለቻ፣ ከዚያም ወደ ገዛ ጉልበቱ አየ። «እኔም ደክሞኛል!» ብሎ ጮኸ። «ከወይራው ጀምሮ ጉልበቴ እየከዳኝ ነው! እንዳይታወቅብኝ ነው የሮጥኩት!»

«እኔንም ወገቤን ቆርጦኛል!» አለ ቦራ፤ የእሱ ድምፅ ከሁሉ ወፍራም ነበር። «ደክሞኛል!»

በጉሙ ውስጥ አያ ጅቦ ይሽከረከር ጀመር። «ደክሞኛል ያለችው... ደክሞኛል ያለው... ኧረ የትኛዋ ናት? ሁሉም አሉ እኮ! ቀበሮ! እመት ቀበሮ! አራት ሆኑብኝ!»

«ገና ሦስት ናቸው!» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ። ያን ጊዜ በጊት የይሉኝታው ገመድ ተበጠሰላት። «አያ ዳለቻ፣ እኔም ደክሞኛል! እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል! ከተሰነጠቀው ቋጥኝ ሥር ነኝ፤ ከበላዬ ደረቅ ጽድ አለ!»

ዳለቻ ቋጥኙን ያውቀዋል። ነጋዴዎች ጭነት የሚያወርዱበት ነው። «በቀኝ! ጽዱን ይዘህ ውረድ!» አለው ቦራን። እሱም ተከተለ።

አያ ጅቦ ግን ረሃብ አልቻለም። ከሁሉ የጎላው «ደክሞኛል» በእርግጥ የሰባው መሆን አለበት ብሎ አሰበ፤ ወደ ወፍራሙ ድምፅ ዘለለና ባለ በሌለ ኃይሉ ነከሰ። ቋ አለ። የነከሰው የቦራን ቀንድ ነበር። ቦራ ራሱን አንድ ጊዜ ወዘወዘ። ጅቡ ከነጥርሱ ስብርባሪ በአስታው ላይ እየተንከባለለ ወረደ። ጩኸቱ እየቀጠነ ሄዶ ከታች ጠፋ። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል መባሉ ለካ እውነት ነው።

በጊት ከቋጥኙ ሥር ተኮራምታ ነበር። ስታያቸው ቀና አለች። «አስቸገርኳችሁ» አለች።

«አዎ» አለ ዳለቻ። «አንቺ ደህና ነኝ ስትይ አስቸገርሽን። ደክሞኛል ስትይ አገኘንሽ።»

እዚያው ተጠጋግተው ዐረፉ፤ በጊት መሐል ሆነች። ቀበሮ ያለቻትን ነገረቻቸው። ወጠጤው መሬቱን አየ። «ዝናብ ያገኘናል ያልኩስ ብያለሁ» አለ። «በአንቺ ምክንያት ግን አላልኩም። ብል ደግሞ በጥፊ በይኝ።»

«በምን እጄ?» አለች በጊት። ከጉሙ ጀምሮ ያን ጊዜ ገና ሳቀች።

ጉሙ ሲገለጥ ተነሡ። በጊት ከፊት ሆነች። በየመሐሉ «ደክሞኛል» ትላለች፤ ይቆማሉ። አንዳንዴ ወጠጤው ይቀድማትና «እኔም» ይላል። ከተራራው በር ሲደርሱ ቀበሮ አልነበረችም። የጅቡን ጩኸት ስትሰማ ግማሽ የሚባል ነገር እንደሌለ ገብቷት በሌላ በኩል ወርዳለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሆራው ዳር ደረሱ። ውሃው ከመሬት እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ ዳርና ዳሩ በጨው ነጥቷል። መጀመሪያ የጠጣችው በጊት ናት። ሆዷ እስኪወጠር ጠጣች። ወጠጤው ውስጡ ገብቶ ጠጣ። ቦራ ጠጥቶ ጠጥቶ ድንጋዩን ሳይቀር ላሰው። ዳለቻ ከሁሉ በኋላ ጠጣና ከአጠገባቸው እግሩን አጥፎ ተጋደመ።

ሲነጋ የበጊት ጡት ከብዶ ነበር። ወተቷ ተመልሷል፤ ስትራመድ ጠብ ጠብ ይላል። ከተራራው ማዶ ሁለት ግልገሎች ይጠብቋታል። ፀሐይ ወጣች፣ ከፍም አለች፤ ዳለቻ ግን አልነቃም። ጎኑ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በከባዱ ያንኮራፋል። እንዲህ ተኝቶ ያየው ማንም አልነበረም።

«መቼ ነው የምንነሣው?» አለ ወጠጤው በሹክሹክታ። «ልቀስቅሰው?»

ቦራ ወደ በጊት አየ። መቸኮል ያለባት እሷ ናት።

በጊት ፀሐይዋ የዳለቻን ዓይን እንዳትወጋው በፊቱ ሄዳ ቆመች።

«ሲነቃ» አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ «ደክሞኛል» ማለት የሚያሳፍርበት መንገድ ደካማውን ለጅብ፣ ብርቱውንም ለብቸኝነት አሳልፎ የሚሰጥ መሆኑን ነው።